ሁለት ማሽን በአንድ ስም፦ የቮልስን ዲናሞ በአልተርኔተር መለወጥ

ሐምሌ ነው፤ አመሻሽ ላይ። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚወስደው መንገድ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዝናቡም አላባራም። በአሮጌ ቮልስ ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። የፊት መብራት በርቷል፤ የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከፊት ያለው መኪና ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብሎ በቆመ ቁጥር እርስዎም ፍሬን ይይዛሉ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲያዘግም፣ ፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። የፊት መብራቱም ፈዘዝ ይላል። ቤንዚን ሲሰጡት ቀይዋ ትጠፋለች፣ መንገዱም ይደምቃል። እግርዎን ሲያነሱ ሁሉም እንደገና ይፈዛል።

ይህን ያየ ሰው "ዲናሞው ሞቷል" ብሎ ይደመድማል። ብዙውን ጊዜ ግን ዲናሞው በሕይወት አለ። ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በፊት ሞተሩ በደንብ እየተሽከረከረ በሚሄድበት መንገድ እንዲሠራ የተሰጠውን ሥራ ዛሬም እንደዚያው እየሠራ ነው። የተለወጠው መንገዱ ነው። ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር መሸጋገር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይሻላል፤ ነገሩ ያረጀን ዕቃ በአዲስ ከመተካት ያለፈ ስለሆነ።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በእኛ አገር ጋራዥ "ዲናሞ" የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ ማሽኖች ያገለግላል። የዛሬ ቶዮታ ላይ ያለውም ዲናሞ ይባላል፣ የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ቮልስ ላይ ያለውም ዲናሞ ይባላል። ሁለቱም በቺንጋ ይዞራሉ፣ ሁለቱም ባትሪ ይሞላሉ፣ ከውጭ ሲታዩም ሁለቱም ክብ ብረት ናቸው። ውስጣቸው ግን የተገለበጠ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዲናሞ የምለው አሮጌውን ብቻ ነው፤ አዲሱን አልተርኔተር እለዋለሁ።

ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ነገር ለሁለቱም መሠረት ነው፦ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ አንዱ ከሌላው አንጻር ሲንቀሳቀሱ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በዲናሞ ውስጥ ማግኔቱ ከቅርፊቱ ጋር ቆሞ ይቀራል፤ የሚዞረው ሽቦው ነው። መሃል ላይ ባለው ዘንግ የተጠመጠመው ሽቦ ሲዞር የሚወለደው ኤሌክትሪክ በየግማሽ ዙሩ አቅጣጫውን ይቀያይራል። ባትሪ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ብርቱካን ፍልቅላቂ የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበት አለ፤ ኮሙቴተር ይባላል። ሁለት ካርቦኖች በላዩ ላይ እየተፋተጉ ኤሌክትሪኩን ያወጡታል፤ ክፍልፋዮቹ እየተፈራረቁ ካርቦኖቹ ሥር ሲመጡ አቅጣጫው ይስተካከላል።

ብልህ አሠራር ነው፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። መኪናው የሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ በሙሉ፣ በ12 ቮልቱ ቮልስ ላይ እስከ 30 አምፔር የሚደርሰው፣ በእነዚያ ካርቦኖች በኩል ያልፋል። ካርቦኑ ያልቃል፣ መዳቡ ይቦረቦራል፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ዘንግም ከባድ ስለሆነ ከልክ በላይ ቢፈጥን ሽቦው ከቦታው ይወጣል። መሐንዲሶቹ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ዲናሞው እንዳይፈነዳ የፑሌጃውን መጠን መገደብ ነበረባቸው። ላይ ሲገደብ ታችም ይጎድላል። በሚኒሞ ጊዜ ዲናሞው የባትሪውን ቮልት ለመብለጥ የሚያስችል ፍጥነት ስለማያገኝ፣ ቮልቱን በሚቆጣጠረው ሬጉላተር ውስጥ ያለው መቁረጫ ከባትሪው ይነጥለዋል። አለበለዚያ ባትሪው ወደ ዲናሞው ተመልሶ ይፈስ ነበር። ቀይዋ መብራት ብልጭ የምትለው በዚህች ቅጽበት ነው።

አልተርኔተሩ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ማግኔቱ ይዞራል፣ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ሽቦ ደግሞ ከቅርፊቱ ጋር ቆሞ ይቀራል። ካርቦኖች አሁንም አሉ፤ ነገር ግን ለሚዞረው ማግኔት ጥቂት አምፔር ብቻ ስለሚያደርሱ፣ የሚፋተጉትም ባልተከፋፈለ ለስላሳ ቀለበት ላይ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ያገለግላሉ። ከባዱ ኤሌክትሪክ ምንም ፍትጊያ ሳይነካው ከቆመው ሽቦ በቀጥታ ይወጣል። የሚዞረው ክፍል እርስ በርሳቸው እንደተጠላለፉ ጣቶች የሚመስሉ 12 የማግኔት ጫፎች አሉት። በአንድ ዙር ውስጥ ሽቦው ብዙ ጊዜ ስለሚቀሰቀስ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ባለ ጊዜም ቮልቱ ቶሎ ይነሳል። የሚወጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በስድስት ዳዮዶች ይስተካከላል። ዳዮድ ማለት ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው፤ ባትሪው ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚጠብቀውም እሱ ስለሆነ የመቁረጫው ሥራ አብሮ ቀረ።

ይህ ሁሉ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። የጎደለው ርካሽና ሙቀት የሚችል ዳዮድ ነበር። የሲሊከን ዳዮድ ዋጋው ሲቀንስ ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 በቫሊያንት መኪናው ላይ አልተርኔተርን መደበኛ አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ቮልስዋገንም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የራሱን ቮልስ በአልተርኔተር ማስወጣት ጀመረ። ለአሮጌ ቮልስ ባለቤት ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለዚያው ሞተር ፋብሪካው ራሱ ያሰበበት መፍትሔ አለ ማለት ነውና።

አሁን ወደዚያ ዝናባማ ምሽት እንመለስና እናስላ። ሁለት ባለ 45 ዋት የፊት መብራት 90 ዋት ይበላል። የኋላና የዳሽቦርድ መብራቶች 20 ዋት ገደማ፣ ቦቢናው 40 ያህል፣ የዝናብ መጥረጊያው ሌላ 40፣ ፍሬን ሲይዙ የሚበሩት ሁለት አምፖሎች 42 ዋት። ድምሩ ከ230 ዋት ያልፋል፤ በ12 ቮልት ወደ 20 አምፔር ነው። 30 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ ይህን በቀላሉ ይችላል፣ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ከሆነ። በሚኒሞ ጊዜ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባትሪው ይወጣል። ቮልሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ባለ 12 ቮልት ባትሪ 36 አምፔር ሰዓት ነው። ጎተራው ይህ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ መቆም ግማሹን ያህል ያራቁተዋል። ማግስቱ ጠዋት ሞተሪኖው ሲያቃስት ተጠያቂው ትናንት ማታ ነው።

በቮልስ ላይ በብዛት የሚገጠመው የቦሽ አልተርኔተር 55 አምፔር ነው። ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው 30ና 55 የሚሉት ቁጥሮች ላይ ነው። እኔ ግን ትልቁን ቁጥር ብዙም አልመለከተውም። ሁለቱም ቁጥሮች ሞተሩ ሲፈጥን የሚገኙ ናቸው፤ በሚኒሞ አልተርኔተሩም 55 አይሰጥም። ለከተማ ነጂ ዋናው ልዩነት ከታች ነው፦ ዲናሞው ዜሮ በሚሆንበት ፍጥነት አልተርኔተሩ መብራቱን ተሸክሞ ባትሪውን እንዳይነካ ማድረግ መቻሉ።

ቮልስን ከሌሎች መኪኖች የሚለየው ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚገፋው ቬንቲላተር ደግሞ የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። በአንድ በኩል ፑሌጃ፣ በሌላ በኩል ቬንቲላተር፣ መሃል ላይ ዲናሞ። ስለዚህ ዲናሞውን የሚነካ እጅ የሞተሩን ማቀዝቀዣም ይነካል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በሌሎች መኪኖች ላይ አልተርኔተር ሲገጠም ፑሌጃውን አሳንሶ በፍጥነት እንዲዞር ማድረግ የተለመደ ነው። በቮልስ ላይ ይህ አይሞከር። የፑሌጃው መጠን የተወሰነው ለቬንቲላተሩ ነው፤ መጠኑ ሲለወጥ ወይ ነፋሱ ያንሳል፣ ወይ ቬንቲላተሩ ከሚችለው በላይ ይዞራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ነፋስ መቀነስ ማለት ሲሊንደሮቹን ማቃጠል ነው።

ሁለተኛ፣ ቀይዋ መብራት በቮልስ ላይ ከባትሪ የበለጠ ነገር ትናገራለች። በሚኒሞ ብልጭ ካለች ትዕግሥት ይበቃል። እየፈጠኑ ሳለ ድንገት ቦግ ብላ ከቀረች ግን ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቬንቲላተሩም ቆሟል። ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። "እቤት ልድረስ" ያለ ሰው ሞተር ያስወርዳል። ይህ ለዲናሞውም ለአልተርኔተሩም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ያለው ዲናሞ በእርግጥ አለመብቃቱን ያረጋግጡ። ቴስተር ይያዙ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩን አስነስተው ቤንዚን ሰጥተው ሲለኩ ወደ 14 ቮልት ከተጠጋ ዲናሞውም ሬጉላተሩም ደህና ናቸው። ካልተጠጋ ቀላሉን ያስቀድሙ፦ የላላ ቺንጋ፣ ያለቀ ካርቦን፣ የዛገ የባትሪ ጫፍ። ከሁሉ በላይ የሚረሳው የማሳ ማሰሪያ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ ስለተቀመጡ፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው የፊት ጫፍ ወደ ሻንሲው የሚሄድ የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ነው። ያ ሲዝግ አዲስ አልተርኔተርም ቢገጠም ለውጥ አይመጣም። በጥቂት ብር ካርቦን ሊድን የሚችል ዲናሞ መጣሉ ያሳዝነኛል።

መኪናዎን የሚያወጡት እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ እያለ፣ ከሆነ ደግሞ ጤነኛውን ዲናሞ ይተዉት። እንደተሠራ መቆየቱ ክብር አለው፤ የማይፈልጉትን ኃይል መግዛትም ጥቅም የለውም። አልተርኔተር የሚገባው ቮልሱን ለየዕለት ሥራ ለሚጠቀም፣ ማታ ለሚነዳ፣ ወይም ጠንካራ የፊት መብራት ላስገባ ሰው ነው።

መኪናው ባለ 6 ቮልት ከሆነ ሥራው ሌላ ነው። ቮልስዋገን በአብዛኞቹ ላይ ወደ 12 ቮልት የዞረው ከእ.ኤ.አ. 1967 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ መጀመሪያ አምፖሉ፣ ቦቢናው፣ የመጥረጊያው ሞተርና ሌላው ሁሉ ወደ 12 መለወጥ አለበት፤ አልተርኔተሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲገዙ አልተርኔተሩን ብቻ ይዘው አይመለሱ። የሚቀመጥበት እግር ከዲናሞው እግር በቅርጽ ይለያል፤ ከቬንቲላተሩ ጀርባ ያለው ክብ ሳህንም እንዲሁ፣ አልተርኔተሩ ሙቀት ስለሚያበዛ የራሱን ማቀዝቀዣ አየር የሚያገኘው በዚያ ሳህን ቀዳዳዎች በኩል ነው። የዲናሞውን ሳህን አልተርኔተር ላይ ገጥሞ ማሠራት ይቻላል፤ ዳዮዶቹ ግን በሙቀት ይሞታሉ። ሬጉላተሩ በውስጡ ያለ አልተርኔተር ይምረጡ፤ የሽቦውን ሥራ በግማሽ ያቀለዋል።

አፈታቱ ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጂ ሞተር ማውረድ የሚጠይቅ አይደለም። ባትሪው መጀመሪያ ይፈታ። ካርቡሬተሩና ቺንጋው ይወጣሉ። የቬንቲላተሩን ቤት የያዙት ቡሎኖች ተላልተው ቤቱ ከፍ ይላል፤ ክቡን ሳህን የያዙት አራት ቡሎኖች ሲወልቁ ዲናሞው ከነቬንቲላተሩ ተስቦ ይወጣል። ከመፍታትዎ በፊት የሳህኑ የአየር ቀዳዳ ወዴት እንደሚመለከት ፎቶ ያንሱ፤ በኋላ ይፈለጋል። ቬንቲላተሩን የያዘው ባለ 36 ዳዶ ጠንክሮ የታሰረ ነው። የዲናሞው እግር የዘይት መሙያው አንገት የተያያዘበት ስለሆነ፣ ሲነሳ የሞተሩ ሆድ ክፍት ይሆናል፤ ንጹሕ ጨርቅ ይወትፉበት። አንዲት ዳዶ ወደ ውስጥ ከወደቀች የአንድ ቀን ሥራ የአንድ ሳምንት ይሆናል። ሲገጠም አዲስ ጋስኬት ይግባ፣ በጋስኬቶቹ መሃል ያለችው የዘይት መመለሻ ቆርቆሮም እንዳትረሳ።

ቬንቲላተሩ አልተርኔተሩ ላይ ሲታሰር ከጀርባው ሳህን 2 ሚሊሜትር ያህል መራቅ አለበት። ይህ በሮንዴላ ይስተካከላል። በጣም ከቀረበ ይፋቃል፣ ከራቀ ነፋስ ያፈሳል። አስረው ሲጨርሱ በእጅ ያዙሩትና ጆሮዎን ያስጠጉ፤ የትም መንካት የለበትም። ቺንጋውም እንዲሁ የሚወጠረው በሮንዴላ ነው፦ ፑሌጃው ሁለት ግማሽ ስለሆነ፣ በመሃሉ ያሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ሲቀነሱ ቺንጋው ይጠብቃል። የተቀነሱት ከዳዶው ሥር በውጭ በኩል ይቀመጣሉ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ እንዳይጠፉ። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ገባ ካለ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይገድላል።

አሁን ሽቦው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ እንደገና ስም ነው። በዲናሞው ላይ ሁለት ሽቦ አለ፦ ወፍራሙ "ዲ ፕላስ" ላይ፣ ቀጭኑ "ዲኤፍ" ላይ። ሁለቱም በብዙዎቹ ባለ 12 ቮልት ቮልሶች ላይ ከኋላ መቀመጫ ሥር በግራ በኩል ወዳለው ሬጉላተር ይሄዳሉ። ከሬጉላተሩ ደግሞ "ቢ ፕላስ" ከሚለው ወፍራሞቹ ወደ ባትሪና ወደ መብራቶች፣ 61 ከሚለው አንድ ቀጭን ወደ ቀይዋ መብራት ይወጣሉ። አልተርኔተሩም ላይ "ዲ ፕላስ" የሚል ጽሑፍ አለ። ነገር ግን ያው አይደለም! በዲናሞው ላይ ዲ ፕላስ ማለት ዋናው የኃይል መውጫ ነበር፤ በአልተርኔተሩ ላይ ዲ ፕላስ ማለት የቀይዋ መብራት ቀጭን መስመር ነው፤ ዋናው መውጫ ቢ ፕላስ ነው። ፊደል ከፊደል አገናኝቶ ወፍራሙን ሽቦ ዲ ፕላስ ላይ ያሰረ ሰው አዲሱን ዕቃ በገጠመበት ቀን ሊያቃጥል ይችላል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። የዲናሞው ወፍራም ሽቦ አልተርኔተሩ ቢ ፕላስ ላይ ይታሰራል፤ ሌላኛው ጫፉ ከሬጉላተሩ ተነቅሎ፣ ሬጉላተሩ ቢ ፕላስ ላይ ከነበሩት ወፍራሞች ጋር በአንድ ቡሎን ይጠረነፋል፣ በደንብም ይሸፈናል። ዲኤፍ የነበረው ቀጭን ሽቦ አልተርኔተሩ ዲ ፕላስ ላይ ይገባል፤ ሌላኛው ጫፉ 61 ላይ ከነበረው ጋር ይገናኛል። አሮጌው ሬጉላተር ከመስመሩ ወጣ። የድሮው ወፍራም ሽቦ የተመጠነው ለ30 አምፔር ስለነበር፣ ከአልተርኔተሩ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ 10 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ተጨማሪ ኬብል፣ ባትሪው አጠገብ ለኬብሉ የሚመጥን ፊውዝ አድርጎ መዘርጋት ገንዘብ ማባከን አይደለም። የጋለ ሽቦ ከመቀመጫ ሥር እሳት ያስነሳል።

የቀይዋ መብራት ጉዳይ አሁን ይከብዳል። ዲናሞው ብረቱ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ስለሚቀር አምፖሏ ብትቃጠልም ራሱን ያስነሳል። አልተርኔተሩ ግን የመጀመሪያውን ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያች አምፖል በኩል ነው። ቁልፉን ሲከፍቱ ካልበራች፣ አልተርኔተሩ ላይነቃ ይችላል። በኤልኢዲ መለወጥም አይገባም፤ የምታሳልፈው ኤሌክትሪክ ለመቀስቀስ አይበቃም።

ከእንግዲህ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ጫፍ አይነቀል። በዲናሞ ዘመን "ይሞላል ወይስ አይሞላም" ለማወቅ ጫፉን ነቅለው የሚፈትሹ ነበሩ። በአልተርኔተር ላይ ያው ሙከራ ቮልቱን በቅጽበት አስወንጭፎ ዳዮዶቹን ይበሳል። ባትሪ ተገልብጦ ከታሰረም ዳዮዶቹ ይቃጠላሉ። አካሉ ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ የሚሠራ ከሆነም መጀመሪያ ባትሪውና አልተርኔተሩ ይነቀሉ። አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ሌላ የእንግሊዝ መኪና ያለው አንባቢ አንድ ነገር ይጨምር፦ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአካሉ ጋር የሚያያዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነው፤ እሱ ወደ ኔጋቲቭ ሳይለወጥ የተለመደው አልተርኔተር አይገጠምም። ቮልስ ግን ከመጀመሪያውም በኔጋቲቭ ስለሆነ ከዚህ ነጻ ነው።

ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ ቁልፉን ይክፈቱ፤ ቀይዋ ትብራ። ሞተሩን ያስነሱ፣ ቤንዚን ትንሽ ይስጡት፤ ቀይዋ ትጥፋ። በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካነበቡ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ የፊት መብራቱን፣ መጥረጊያውን፣ ያለውን ሁሉ አብርተው እግርዎን ከቤንዚኑ ያንሱ። በዲናሞው ጊዜ ቀይዋ የምትመጣበት ቦታ ይህ ነበር። ከ13 ቮልት በላይ ሆኖ ከቆየ ሥራው ተሳክቷል። አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ስለሚለጠጥ ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ አንዴ በአውራ ጣት ይሞክሩት።

የወጣውን ዲናሞ አይጣሉት። ከነእግሩ፣ ከነሳህኑና ከነሬጉላተሩ በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ በወረቀት ላይ ጽፈው በፕላስቲክ አድርገው ከኋላ መቀመጫ ሥር ይለጥፉት። ከዓመታት በኋላ መቀመጫውን የሚያነሳው ኤሌክትሪሺያን፣ ሬጉላተር ይኖራል ብሎ በጠበቀበት ቦታ በአንድ ቡሎን የተጠረነፉ ሽቦዎች ሲያገኝ፣ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።